በመጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ውስጥ ስለተገኘው ሃምሳ ዶላር

የካቲት 11 ቀን 1977 ዓ.ም.
አዋሳ

ለተከበሩ ጓድ ፍቅሬ ብዙአየሁ
የደቡብ ቀጣና የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ጓድ ኃላፊ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ከመኪናዎ ሲወርዱ ወገብዎን ይዘው ስላየሁ ሐሳብ ገብቶኛል። የእርስዎ ወገብ የክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ጉዳይ ነው። እርስዎ አንድ ቀን ከቀሩ ፊርማ ይቀራል፣ ፊርማ ከቀረ መዝገብ ያድራል፣ መዝገብ ካደረ ደግሞ ከቢሮዎ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ያሉት ሰዎች አንድ ቀን ይጨመርላቸዋል። ስለዚህ ጤና ይስጥልኝ ስል ከልቤ ነው። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ ሲገቡና ሲወጡ እየሮጠ በር ለሚከፍትልዎት ዘበኛም ሰላምታዬ ይድረስልኝ።

ስሜን ቢሰሙት አያውቁኝም። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ በር ወደ ግራ፣ ከግንቡ ሥር፣ ዣንጥላ ዘርግቼ የጽሕፈት መኪናዬን በሣጥን ላይ አስቀምጬ የምውለው ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። የእናንተ ሰዎች «አባባ ማመልከቻ» ይሉኛል። በዚህች ከተማ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ከመዝገብ ቤቷ ከወይዘሮ ዘነበች በቀር ስሜን የጠየቀኝ የመንግሥት ሠራተኛ ባለመኖሩ ቅር ተሰኝቼ አላውቅም፤ የእኔ እንጀራ የሌላውን ስም አሳምሮ መጻፍ ነውና። በዚህ ደብዳቤ ግርጌ ግን የራሴን ስም አኖራለሁ። እንግዳ ነገር ነው፤ እጄ ገና አልለመደውም።

ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁት በስተርጅና ድፍረት አግኝቶኝ አይደለም። በእናንተ መዝገብ ቤት በኩል ያስገባሁት ወረቀት ሁሉ ውሃ እየበላው ስላስቸገረኝ፣ ይኼኛውን ሕዝቡ ቢጠብቅልኝ ይሻላል ብዬ ነው። መኪናዬ በአንድ ጊዜ አምስት ቅጂ ታወጣለች፤ ከዚያ ካለፈ ካርቦኑ አይነበብም። የት የት እንደተለጠፈ ከታች በግልባጩ ላይ ያገኙታል፤ ሰው ልከው ለማስነቀል እንዳይቸገሩ አድራሻውን በዝርዝር ጽፌአለሁ።

ጉዳዩ የልጄ የጽጌሬዳ ገብረየስ ጉዳይ ነው። ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ሲሆን ከመስከረም ወር ጀምሮ በዚያች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ትገኛለች። የሀገር ሀብት በማሸሽና የውጭ ገንዘብ ደብቆ በመያዝ ተከሳ መዝገቧ በመጪው ሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን፣ ወደ ችሎት ይሄዳል። እንዲህ ያለ መዝገብ አንዴ ችሎት ከገባ ስንት ዓመት ይዞ እንደሚመለስ እኔም እርስዎም እናውቃለን፤ የይግባኙን ማመልከቻ የምጽፈው እኔ አይደለሁምን? ለዚህ ደረጃ ያደረሰንን ውለታችሁን ከሰኞ በፊት ማመስገን ስላለብኝ እንደ ሙያዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ትዕግሥት ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። ልጄ ቡልጋሪያ በምትባለው ወዳጅ ሀገር፣ ቫርና በተባለች የባሕር ዳር ከተማ፣ ስለ ዓሣ ሀብት እንድትማር ዕድል አገኘች። ይህን ትምህርት የመረጠችው ማንም መርጦላት አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ሐይቅ ዳር እየሄደች ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ የሚያወርዱትን ታይ ነበር፤ ዓሣው በየዓመቱ እያነሰ፣ መረቡም ዓይኑ እየጠበበ መምጣቱን ለእኔ የነገረችኝ እሷ ናት። እኔ ዓሣውን ስበላ እንጂ ሲያንስ አላየሁም። እሰይ፣ እንዲህ የምታስብ ልጅ ወለድሁ ብዬ ነበር።

ትኬቱንና የትምህርቱን ወጪ ሁለቱ መንግሥታት ቻሉ። የጎደለው ለካፖርትና ለመጀመሪያው ወር ማቆያ የሚሆን ሃምሳ ዶላር ነበር። በመንግሥት ምንዛሪ መቶ ሦስት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ነው፤ ብሩን በመሐረብ ቋጥሬ ይዤ፣ ዶላሩን በሕግ እንድንገዛ ይፈቀድልን ስል በልጄ ስም አመለከትሁ። የመጀመሪያው ማመልከቻ የቀበሌ ድጋፍ የለውም ተብሎ ተመለሰ። ድጋፉን ሳመጣ ማኅተሙ ፊርማው ላይ ስላረፈ ፊርማው አልታወቀም ተባለ። ሦስተኛው ጠፋ። አራተኛው፣ ሦስተኛው እስኪገኝ ይቆይ ተባለ። አምስተኛው ላይ አንድ ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተቆጠበ ወጣት ሠራተኛችሁ፣ ቡልጋሪያ ብርድ ያለባት ሀገር መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ ከሚመለከተው ክፍል እንዳመጣ አዘዘኝ። ብርድ የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደሆነ አዋሳን ዞሬ ባጣው፣ ከትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ተውሼ ገጹን ገልብጬ አቀረብሁ። መጽሐፉ የታተመው ከአብዮቱ በፊት በመሆኑ ተቀባይነት የለውም የሚል መልስ በጽሑፍ ተሰጠኝ። ወረቀቱን አስቀምጬዋለሁ። ምናልባት ከአብዮቱ ወዲህ ሀገሩ ሞቆ ይሆናል ብዬ ለጥቂት ቀን ተጽናንቼበታለሁ።

አሥራ አንደኛው ማመልከቻ፣ ልጅቷ ልትሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ተፈቀደ። የተፈቀደው አሥር ዶላር ነው፤ እሱም «ምንዛሪ ሲገኝ» የሚል ቃል በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎበታል። ወይዘሮ ዘነበች ወረቀቱን ስትሰጠኝ ዓይኔን ማየት አቃታት፤ ሰው ናትና። ያን ዕለት በጽሕፈት ቤታችሁ አጥር ላይ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ከውጭ የመጡ ባለ ቀለም አምፖሎች እየተሰቀሉ ነበር። ቆሜ ቆጠርኋቸው፤ መቶ አርባ ናቸው። ምንዛሪው የት እንደገባ በዓይኔ ስላሳያችሁኝ ከብዙ ጥያቄ ድኛለሁ።

2ኛ፦ ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ ነው። ባለቤቴ ታቢታ የቱላ ልጅ ናት። እኔ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደግሁ ሰው ስሆን እሷ የወንጌል ሰው ናት፤ ቤታችን በዚህ ተጣልቶ አያውቅም። የእሷ ሰዎች ይሰበሰቡበት የነበረው አዳራሽ ተዘግቶ የእህል መጋዘን ከሆነ ወዲህ የት እንደሚገናኙ አላውቅም፤ ብጠየቅም አላውቅም እላለሁ። ጽጌሬዳን ለመሸኘት ግን ራት ይዘው እቤቴ መጥተዋል። ራት መብላት እስከ ዛሬ አልተከለከለም፤ ከተከለከለም መመሪያው አልደረሰኝም።

ልማዳቸው እንዲህ ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ሩቅ ሲሄድ ገንዘብ በእጁ አያስጨብጡትም። እያንዳንዱ የሚወደውን ቃል ይመርጥና፣ በተጓዡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቃሉ ካለበት ገጽ ላይ አቅሙ የቻለውን ብር አኑሮ፣ ስሙንና የምዕራፉን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይጨምርበታል። ተጓዡ በሰው ሀገር ሆድ ሲብሰው መጽሐፉን ይገልጣል፤ ቃሉን፣ ብሩንና የሰጪውን ስም አንድ ላይ ያገኛል። የሚሄደው ዲላም ይሁን ቫርና ለእነሱ ልዩነት የለውም። ብር ባሕር ከተሻገረ እንደማንኛውም ወረቀት እንደሚሆን የነገራቸው የለም። ሐይቅ ዳር የዓሣ ሾርባ የሚሸጡት እትዬ ተዋበች አንዲት ብር ሲያስገቡ፣ እንደደረሰሽ ትኩስ ነገር ጠጪበት ብለው አደራ ብለዋል። አቶ ደበሌ የፋብሪካ ዘበኛ ስለሆኑ ስለ ጥበቃ የሚናገረውን መዝሙር መርጠው አምስት ብር አኖሩበት። ሰጪዎቹ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው፤ የሰጡት ሁሉ ሲደመር ሰባ ሦስት ብር ነው።

እኔ ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝና ሕግ ትንሽ አውቃለሁ። ከተወሰነው በላይ ብር ይዞ ከሀገር መውጣት ክልክል መሆኑን ልነግራቸው ይገባ ነበር። አልነገርሁም። ደስታቸውን አይቼ ጨከን ማለት አቃተኝ፤ ደግሞስ መጽሐፍ ቅዱስ የሚፈትሽ ማን አለ ብዬ ዝም አልሁ። ይህ አንድ ጥፋቴ ነው፤ ከዚህ የባሰም አለብኝ፣ እደርስበታለሁ።

3ኛ፦ መጽሐፍ ቅዱስ የሚፈትሽ እንዳለ ስላሳወቃችሁኝ አመሰግናለሁ። መስከረም 4 ቀን ልጄ በዋና ከተማው አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣዋን አስረክባ መጨረሻው በር ላይ ስትደርስ መጽሐፉ በእጇ ነበር። ፈታሹ ገልብጦ ሲያራግፈው ብሮቹ ወለሉ ላይ ረገፉ። ከኋላዋ የተሰለፉት ተማሪዎች ለቅመው ሊያቀብሏት ጎንበስ ሲሉ ማንም እንዳይነካ ተባለ። ከዚያ ሽፋኑ በምላጭ ተቀደደ፤ በቆዳውና በካርቶኑ መካከል ሃምሳ ዶላር ተገኘ። አውሮፕላኑ ያለሷ ተነሳ። የአዋሳ ልጅ ናት ተብሎ ጉዳዩ ወደ እናንተ ስለተመራ በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና ጀርባ ተቀምጣ ወደ ከተማዋ ገባች። ለበዓሉ የተሰቀሉት አምፖሎች ገና አልወረዱም ነበር።

የእናንተ ትጋት ከዚህ ይጀምራል። ሰባ ሦስቱን ብርና አሥራ ዘጠኙን ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ የስሞቹን ባለቤቶች ከየቤታቸው አስመጣችሁ። በወረቀቶቹ ላይ ያሉት የምዕራፍ ቁጥሮች የምስጢር ምልክት ናቸው ተብሎ ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመና ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲደምርና ሲያባዛ ከረመ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ፀሐይ በርትቶበት ከዣንጥላዬ ሥር ባረፈበት ቀን፣ ድምሩ ከአዋሳ እስከ ሞያሌ ያለውን ኪሎ ሜትር ሊያክል ትንሽ እንደቀረው በኩራት አጫውቶኛል። መጽሐፉን ከፍቶ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ነገር ግን መጽሐፉ ኤግዚቢት ስለሆነ እንዳይከፈት ታሽጓል አለኝ። እኔም እውነት ነው፣ ሕግ ሕግ ነው አልሁት። ወይ ጉድ! ይህን ስል ፊቴን አልለወጥሁም፤ ሙያ ነው።

ልጄ ያንን ሰባ ሦስት ብር ይዛ ቫርና ብትገባ አንዲት ዳቦ የሚሸጥላት ሰው አታገኝም ነበር። ይኼ የሸሸ የሀገር ሀብት ተብሎ ተመዘገበ። እትዬ ተዋበች ለአንድ ብር ሦስት ቀን ታሰሩ። ዕድሜያቸው ሰባ ያልፋል። ሲወጡ እግራቸው አብጦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድስታቸውን አልጣዱም፣ ቤታቸውም ዝግ ነው። አቶ ደበሌ ከሥራ ተሰናበቱ። የእነዚህን ሰዎች ስም በአደባባይ ስለጠራሁ አትቆጡ፤ ቀድሞውንም ከእናንተ መዝገብ ውስጥ ነው ያለው። ታቢታ ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ስንቅ ትወስዳለች፤ ዘበኛው ምግቡን በዱላ ጫፍ አገላብጦ ያስገባላታል። ልጄ ከታኅሣሥ ወዲህ ሳል ይዟታል። ቫርና ያለው ትምህርት ቤት ቦታዋን እስከሚቀጥለው መስከረም እንደሚያቆይላት ጽፎልን ነበር፤ ደብዳቤው ተከፍቶ፣ ተነብቦ፣ የእናንተ ማኅተም ተመትቶበት ስለደረሰን ስለ መልካም አያያዙ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

4ኛ፦ ይህን ቁጥር ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ወረቀት ቀይሬአለሁ።

በጥቅምት ወር የምርመራ ክፍላችሁ ታይፒስት ወልዳ ዕረፍት ስትወጣ በእጅ የተጻፈው የተከሳሾች ቃል እየወጣ ለእኔ ይመጣልኝ ጀመር። ዋጋው በገጽ ሃምሳ ሳንቲም ነው። ለእኔ ቢጤ ሰው ቀላል ሥራ አይደለምና እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ተቀበልሁ። ጥቅምት 19 ቀን ከቀትር በኋላ ተላላኪው ስድስት ገጽ አምጥቶ ሣጥኔ ላይ አስቀመጠና በአራት ቅጂ ታትሞ እስከ አሥር ሰዓት እንዲደርስ ነግሮኝ ሄደ። የተከሳሽ ስም በሚለው ቦታ ጽጌሬዳ ገብረየስ ይላል። የምርመራ ክፍሉ የእኔን ስም ስለማያውቅ አባቷ መሆኔን የጠረጠረ አልነበረም። ክፋት አልነበረበትም። ክፋት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንድ ሰው ስለ እኔ አስቧል ማለት ነበር።

መርማሪው «ይህን ዶላር ማን ሰጠሽ?» ይላታል። እሷም «ማንም አልሰጠኝም፤ የኔ ነው» ትላለች። በስድስቱ ገጽ ውስጥ ይህ ጥያቄ አሥራ አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ መልሱም አሥራ አራት ጊዜ ያው ነው። በመልሶቹ መካከል ምን እንደተደረገ አልተጻፈም፤ የእጅ ጽሑፉ ግን በየመካከሉ ሌላ ቀን፣ ሌላ ቀለም ነው። አራተኛው ገጽ ላይ መርማሪው ዶላሩ የተጠቀለለበትን ወረቀት ያሳያታል። ስስ ነው፣ ሦስት ላይ ታጥፏል፣ ጫፉን ሰማያዊ ካርቦን ነክቶታል። ይህን ወረቀት ታውቂዋለሽ ወይ ይላታል። አላውቀውም ትላለች።

ጓድ ኃላፊ፣ ልጄ ያንን ወረቀት ታውቀዋለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምራ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጎኔ ተቀምጣ ስሱን የቅጂ ወረቀት እየቆረጠች፣ ሦስት ላይ እያጠፈች ታዘጋጅልኝ የነበረችው እሷ ናት። ገና ሲያሳዩዋት የማን እጅ እንደሆነ ገብቷታል። አንዲት ቃል ብትተነፍስ እሷ ወጥታ እኔ እገባ ነበር።

እኔስ ምን አደረግሁ? አተምሁት። ጣቴ ሳይስት፣ ስድስቱንም ገጽ አተምሁት። «የኔ ነው» የሚለውን አሥራ አራቱንም ጊዜ በትክክል መታሁ። አሥር ሰዓት ሳይሞላ አስረከብሁና ሦስት ብር ተቀበልሁ። በብሩ ብርቱካን ገዝቼ ለልጅሽ አድርሺላት ብዬ ለታቢታ ሰጠኋት፤ ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኋትም። ፈሪ ነኝ ጓድ ኃላፊ። ለሌላው ሰው «ፍትሕ ይሰጠኝ ዘንድ» እያልሁ ሃያ አራት ዓመት ስጽፍ የኖርሁ ሰው፣ ለገዛ ልጄ አንድ ቃል ለመጻፍ ከጥቅምት እስከ የካቲት ፈጅቶብኛል። ከእናንተ ጽሕፈት ቤት የፈጠንሁ አይደለሁምና እናንተን በመዘግየት ልወቅስ አልችልም።

ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ቁጥር ማስቀመጥ አልቻልሁም።

ዶላሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ጳጉሜን 2 ቀን 1976 ዓ.ም. በቱላ መውጫ፣ በሞያሌ መንገድ ከሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ፣ አንዱን በስድስት ብር ሒሳብ ሃምሳውን በሦስት መቶ ብር ገዛሁ። በመሐረብ በቋጠርሁት ላይ የጎደለውን ያሟላሁት ለማድ ቤቱ ጣሪያ በሁለት ዓመት ያጠራቀምሁትን ቆርቆሮ ሸጬ ነው። ከሽኝቱ ማግስት ልጄና እናቷ ገበያ ሲወርዱ የመጽሐፉን ሽፋን በቀጭን ቢላ ፈልቅቄ፣ ዶላሩን በቅጂ ወረቀቴ ጠቅልዬ ከተትሁና በሙጫ መለስሁት። ለልጄ አልነገርኋትም። ብታውቅ አትወስደውም፣ ብትወስደውም ፊቷ ያሳብቅባታል፣ ይህች ልጅ መዋሸት አትችልም ብዬ ነው። ለካ ትችላለች። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ የምልክላትን ደብዳቤ አስቀድሜ ጽፌው ነበር፤ የመጽሐፍሽን ሽፋን ገልጠሽ እይ፣ ካፖርቱንም ወፍራም ግዢ ይላል። ፖስታ ቤት ልከተው ስነሳ ነው መያዟን የሰማሁት።

የሾፌሩን ስም አልናገርም፤ ልጆች አሉት። ተራዬን ስጠብቅ ከእኔ ቀድሞ የተስተናገደው ደንበኛ የመጣበትን ላንድሮቨር ግን አውቀዋለሁ። በየቀኑ ከፊት ለፊቴ ይቆማል፤ እንዲያውም ከሰዓት በኋላ ጥላው ይደርሰኛል። ያ ደንበኛ የወሰደው በሃምሳ የሚቆጠር አልነበረም፤ ሾፌሩ ሁለት እጁን ተጠቅሞ ነው ያስረከበው። ይህን የማነሳው ለመክሰስ አይደለም፤ ምናልባት የጽሕፈት ቤቱ ጥናት ይሆናል። ሰኞ ችሎት ፊት ቀርቤ ያን ዕለት ሌላ ማን ነበረ ብባል ግን የታርጋውን ቁጥር ላለመናገር ዋስትና የለኝም። የዕድሜ ነገር ሆኖ የትናንቱ ይጠፋኛል፤ ይኼኛው ግን አልጠፋ ብሎኛል።

እንግዲህ ልጄ የሰጠችው ቃል ሐሰት ነው፤ ሐሰት መሆኑን የማውቀውም እኔ ነኝ። ዶላሩ የእኔ ነው፣ ሽፋኑን የፈለቀቅሁት እኔ ነኝ፣ ሰባ ሦስቱም ብር የሕግ መጽሐፍ አይተው የማያውቁ ሰዎች ደግነት ነው። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ሃምሳ ዶላር ሁለት ሰው ማሰር የሚችል መሆኑን ባልጠራጠርም፣ ቦታ ስለሚጠብባችሁ እሷን አስወጥታችሁ እኔን በምትኳ ብታስገቡ ክፍሉ አይጨናነቅም። መርማሪዎቻችሁን አላደክምም። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቁኝ፤ አንድ ጊዜ እመልሳለሁ።

ለታቢታ ዛሬ ጠዋት ነገርኋት። የስንቁን ዘንቢል እያዘጋጀች ነበር። እጇን ከዘንቢሉ ሳታነሳ «አምስት ወር ሙሉ ይህን ስሸከም አንተ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቆይታ ተነሳችና ጋቢዬን ከአልጋ ላይ አንስታ፣ አጣጥፋ፣ ከልጇ ምግብ ሥር ዘንቢሉ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ነው ወጥቼ ይህን መጻፍ የጀመርሁት።

ከመቀመጫዬ ተነስቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ለሌሎች ሰዎች በሺህ የሚቆጠር ጊዜ «ታማኝ አገልጋይዎ» ብዬ የጻፍሁትን ቃል ለራሴ ሳልጠቀምበት፣ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና የፈጸሙትን ሁሉ ቁጭ ብለው የሚያስታውሱበት ሰፊ የጡረታ ዘመን እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ እሰናበትዎታለሁ።

ገብረየስ ደምሴ
የጽጌሬዳ አባት

ግልባጭ፦
ለጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የእስረኞች ስም ከሚለጠፍበት ጎን
ለእትዬ ተዋበች ሾርባ ቤት በር፣ ሐይቅ ዳር
ለአውቶቡስ ተራ፣ ከትኬት መቁረጫው መስኮት በላይ
ለወይዘሮ ታቢታ

ከፊርማ በኋላ የታሰበ፦ ጥቅምት 19 ቀን የልጄን ቃል በአራት ቅጂ እንዳትም ስትልኩልኝ አምስት አውጥቼ አንዱን ለራሴ አስቀርቻለሁ፤ የመንግሥት ሰነድ መስረቄን በክሱ ላይ ጨምሩልኝ። ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ጽሕፈት ቤትዎ ጎኑ ላይ ያልተፈረመበት ስርዝ ድልዝ ያለውን ወረቀት እንደማይቀበል በሚገባ አውቃለሁ፤ በዚሁ ምክንያት እየተመለሰ የስንት ድሃ ማመልከቻ ሁለት ጊዜ አትሜ ሁለት ጊዜ አስከፍያለሁና ባለውለታዎቼ ናችሁ። ስለዚህ እንደ ደንቡ አድርጌዋለሁ። የተከሳሽ ስም በሚለው ቦታ ላይ ጽጌሬዳ የሚለውን በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዤ ከበላዩ ስሜን ጽፌአለሁ፤ ጎኑ ላይም ፈርሜበታለሁ።